ለጌትሽ፣ ከሞተር ክፍል

ጌትሽ፣

አውቃለሁ፣ ከጻፍኩልህ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ልጅ መውለዳችሁንም ከሰው ነው የሰማሁት። እንኳን ማርያም ማረቻት። ስድቡን ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ፤ አሁን አንድ ጉዳይ አስጨንቆኛል።

እናንተ «ባሕር ላይ ነው የሚኖረው» እያላችሁ ታወሩልኛላችሁ አይደል? ባሕሩን የማየው ለእራት ስወጣ ነው። ኑሮዬ ታች ነው። ከሞተሩ ሥር ጥቁር ውሃ ይጠራቀማል፤ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ዝገት የገባበት። ቢልጅ እንለዋለን። ዝም ተብሎ አይደፋም። ሴፓሬተር በሚባለው፣ ዘይቱን ከውሃው በሚለየው ማሽን ተጣርቶ፣ ዘይቱ ከሚሊዮን እጅ 15 እጅ ካልበለጠ ነው የሚለቀቀው። ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው እንዲህ የሚለው። ባሕር ዳር ስሠለጥን ሸምድጄው ነበር፤ አንተም እየጠየቅኸኝ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ቺፉ፣ የሞተር ክፍሉ አለቃችን፣ ጠርቶኝ ቱቦ አስያዘኝ። ሴፓሬተሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦ። መርከበኛው «ማጂክ ፓይፕ» ይለዋል። ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ቀን ቢሆን ዘይቱ እያብለጨለጨ ከኋላችን ይከተል ነበር። ሌሊት ግን ባሕሩም ጥቁር፣ እሱም ጥቁር።

ለምን ብትለኝ፣ ለማጣሪያ ገንዘብ ላለማውጣት፣ ቆሻሻውን ወደብ ላይ ለሚያነሳው ላለመክፈል። በቃ ይኸው ነው። የመርከቡ የዘይት መዝገብ ላይ ግን ሴፓሬተሩ ሲሠራ እንዳደረ ተጽፏል፤ በዚያ በሚያምር የቺፉ ጽሕፈት። ሰውየው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወባ የመሰለ ነገር ሲጥለኝ ሾርባ ይዞልኝ የመጣው እሱ ነው።

ያን ሌሊት የመጣብኝ ጣና ነው። እምቦጭ ስንነቅል፣ አንተ አልቅት ያዘኝ ብለህ ስትጮህ። ሥር ነበር፣ ፈሪ! ያን ቀን ባዶ ሃይላንድ ሐይቁ ውስጥ የወረወረውን ሰውዬ እንዴት እንደሰደብኩት ትዝ ይልሃል? አፌን ባልከፈትኩ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሂውስተን እንገባለን። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው መዝገብ ያገላብጣሉ። የውሸት መዝገብ ይዞ መግባት እዚያ ወንጀል ነው። የጠቆመ ሰው ደግሞ... አትሳቅ... ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ከቅጣቱ እስከ ግማሹ ድረስ ሊሰጠው ይችላል። ቅጣቱ ሚሊዮን ዶላሮች የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ስልኬ ላይ የቱቦው ፎቶ አለ። ስለ ባሕሩ ብዬ ነው ያነሳሁት ልልህ ነበር። ግን የእማዬ ቤት ጣሪያም ትዝ ብሎኛል፣ የአንተም ብድር። የትኛው እንደቀደመ እሱ አንድዬ ያውቃል።

ምስክር የሆነ ለወራት እዚያው ይቆያል ይላሉ። ከዚያ በኋላስ ማን ይቀጥረኛል? ቱቦውን አብሮኝ የያዘው ፊሊፒናዊ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ «እኔ አላየሁም፣ አንተም አላየህም» ብሎኝ ተኛ። እኔ ግን ይኸው እስካሁን እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።

አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እሁድ እሁድ ኢንተርኔት ይለቁልናል፤ አንድ እሁድ ብቻ ነው የቀረን። ለእማዬ ደህና ነው በላት፣ ሌላ ምንም አትንገራት። ስለ ብድሩ ደግሞ... እሱን ሌላ ጊዜ።

ያንተው