የራሊ ክበባችን ዓመት፦ በ2026 ማን ለማን ይነዳል?

የእኛ ክበብ ዓመት በመስከረም አይጀምርም። ከዓለም የመኪና ራሊ ሻምፒዮና ጋር ነው የሚሄደው። ጥር ላይ ሞንቴ ካርሎ ይጀምርና ኅዳር ላይ ያልቃል። ያለፈው የውድድር ዘመን ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ተዘጋ፤ ሌሎች ክበባት በሰኔ የሚያቀርቡትን ዘገባ እኛ በታኅሣሥ የምናወጣው ለዚህ ነው። (የውድድሩ ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቁ ወላጆች በአጭሩ ልንገራችሁ። ራሊ በአንድ ሜዳ ዙሪያ የሚደረግ ሽቅድምድም አይደለም። መኪኖቹ ለትራፊክ በተዘጋ መንገድ ላይ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፣ የእያንዳንዱ ሰዓት ይደመራል፣ ትንሽ ሰዓት የፈጀው ያሸንፋል። ጠጠርም፣ አስፋልትም፣ በረዶም አለ። መኪናው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ መንገዱን ያነብለታል።

ዘንድሮ ከሠራነው ሁሉ እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ንባብ ራሳችን የሞከርንበትን ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከውድድሩ በፊት ጥንዶቹ እያንዳንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ብቻ በዝግታ ነድተው ማየት ይችላሉ። አሽከርካሪው እያየ ይናገራል፣ ጓደኛው ይጽፋል። «ግራ ሦስት፣ መቶ ሜትር፣ ቀኝ አምስት፣ እንዳትቆርጥ።» ቁጥሩ ኩርባው ምን ያህል ጥምዝ እንደሆነ ይናገራል። እኛም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ጥንድ ጥንድ ሆነን በእግራችን ወጣን፣ አንድን በጣም ጥምዝ ስድስትን በጣም ክፍት ብለን። ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ግቢ ተመልሰን ማስታወሻ ተቀያየርንና እያንዳንዱ ጥንድ የሌላውን እያነበበ መንገዱን ሰሌዳ ላይ እንዲስል አደረግን። ብዙው ማስታወሻ አላስኬደም። አንዱ ጥንድ «ባጃጁ የቆመበት ጋ ወደ ግራ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ባጃጁ ግን እዚያው አይቆይም። የ10ኛ ክፍሏ ፀሐፊያችን የጻፈችው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነበር፣ ትርፍ ቃል የለውም፣ በዕለቱ ቀርቶ የነበረ ልጅ አንብቦ መንገዱን እስከ ላይኛው ጫፍ በትክክል ሳለው።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ስለ ቡድን ሲያወሩ ሁለት ስም ነው የሚጠሩት፣ የአሽከርካሪውንና የአንባቢውን። ኢቫንስና ስኮት ማርቲን። ኑቪልና ማርታይን ዊዳገ። ኦዢዬና ቫንሳን ላንዴ። እኔን ዓመቱን ሙሉ ደስ ያሰኘኝ ይሄ ነው፤ የቡድን አሰላለፍ የፈጣን ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻ አይደለም። ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው? ስንቱ ራሊ ላይ ይገኛል? እነዚህን ሳይጠይቁ መተንበይ ዝም ብሎ መደገፍ ነው።

የ2025 ውጤት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሆነን። ሴባስቲያን ኦዢዬ በ293 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፣ ኤልፊን ኢቫንስ በ289 ሁለተኛ። አራት ነጥብ! ያውም ኦዢዬ ከ14ቱ ራሊዎች የነዳው 11ዱን ብቻ ነው፤ ስዊድን፣ ኬንያና ኢስቶኒያ ላይ አልነበረም። አንድ ራሊ ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ነጥብ 35 ነው፦ ለአሸናፊው 25፣ እሑድ ለብቻው ለሚቆጠረው ሰዓት 5፣ ለመጨረሻው ስቴጅ (ሰዓት ለሚያዝበት የመንገድ ክፍል) ሌላ 5። ስለዚህ ሦስት ራሊ የቀረ ሰው 105 ነጥብ ሊያገኝበት የሚችለውን ዕድል አሳልፏል ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ስድስት ራሊ አሸንፎ ዘጠነኛ ዋንጫውን ወሰደ፣ ከሴባስቲያን ሎብ ጋር እኩል ሆነ።

እንዴት ቻለ? ጎበዝ ስለሆነ፣ አዎ፣ ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንን ያመጣው ቤተሰቦቹ ጢስ ዓባይ ያሉት አባላችን ነው። በመጀመሪያው ቀን መንገዱን የሚከፍተው በነጥብ የሚመራው ሰው ነው። መንገዱ ጠጠር ከሆነ እሱ ልል ጠጠሩን እየጠረገ ይሄዳል፣ ጎማው አይይዝለትም፣ ከኋላ የሚመጡት የተጠረገ መንገድ ያገኛሉ። የጠጠር መንገድ ላይ ያደገ ልጅ ይህን ለማስረዳት ስዕል አላስፈለገውም። ኢቫንስ የዓመቱን ብዙውን ክፍል እየመራ ስለነበር ጠራጊው እሱ ነበር። አልፎ አልፎ የሚመጣው ኦዢዬ ግን ከኋላ ይነሳል። በ2020፣ በ2021፣ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ ሰው እኮ ነው ኢቫንስ። እኔ ከልቤ አዝንለታለሁ።

እንግዲህ ወደ 2026። ቶዮታ ጋ ትልቁ ዜና የካሌ ሮቫንፔራ መሄድ ነው። በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ሁለት ዋንጫ ያለው ልጅ ጃፓን ውስጥ በዙር ሜዳ ለመወዳደር ራሊውን ትቷል። ኦሊቨር ሶልበርግ ሙሉ ዓመት ሊነዳ ገብቷል። አባቱ ፔተር የ2003 ሻምፒዮን ነው። ልጁ በ2025 ለአንድ ራሊ ብቻ የቶዮታን ትልቁን መኪና ተሰጥቶት ኢስቶኒያን አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት የሁለተኛውን ምድብ ዋንጫም ወሰደ። ኢቫንስ፣ ታካሞቶ ካትሱታና ሳሚ ፓያሪ ይቀጥላሉ፣ ኦዢዬም እንደገና ለተወሰኑ ራሊዎች ብቻ ይመጣል። ከተማችን ውስጥ ቪትዝ የምንላት መኪና ዘመድ የሆነችው ያሪስ በ2025 ከ14ቱ 12ቱን አሸንፋለች። በዚህ ሰልፍ ላይ ጉድለት መፈለግ ይከብዳል።

ሃዩንዳይ ጋ ነገሩ ያሳስባል። የ2019 ሻምፒዮን ኦት ታናክ ከሙሉ ውድድር ወጥቷል። ቴሪ ኑቪልና አድሪያን ፎርሞ ሙሉውን ዓመት ይነዳሉ፣ ሦስተኛዋን መኪና ግን ዳኒ ሶርዶ፣ ኤሳፔካ ላፒና ሄይደን ፓደን ይፈራረቁባታል። ለመኪና አምራቾች ዋንጫ የሚቆጠረው ከሦስቱ መኪኖች የሁለቱ ምርጥ ውጤት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሰው መድን ነው፤ አንዱ ቢወድቅ እሱ ይሸፍናል። ፈጣንና ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ጥርጥር የለውም። ግን ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ያለን ሰው የሚያህል የለም። ኑቪል የ2024 ሻምፒዮን ሆኖ በ2025 ያሸነፈው የመጨረሻውን ራሊ ብቻ መሆኑን ስታዩ ችግሩ ከአሽከርካሪው በላይ እንደሆነ ይገባችኋል።

ኤም-ስፖርት ፎርድ ሁለቱን የሰሜን አየርላንድ ልጆች፣ ጆሽ ማከርሊንና ጆን አርምስትሮንግን ይዟል። ቡድኑ ከ2023ቱ ቺሊ ወዲህ አላሸነፈም። በ2027 አዲስ ደንብ ይመጣል፣ የመኪና ዋጋም በ345,000 ዩሮ ይገደባል፤ ለትንሽ ቡድን ተስፋው እዚያ ላይ ነው ያለው። ለአሁኑ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ቢወጡ ጥሩ ነው።

ክበባችን ስለ ሻምፒዮኑ ተከፋፍሏል። ወጣቶቹ ሶልበርግ ይላሉ። እኔ ኢቫንስ እላለሁ፤ ኦዢዬ አሥረኛ ዋንጫ ቢያጓጓውም ዕድል ሁሌ አይደጋገምለትም፣ ሶልበርግ ደግሞ ሞንቴ ካርሎንም ስዊድንንም የኬንያውን ሳፋሪንም በዚህ መኪና ገና ሊማር ነው። ሴት አባሎቻችን በበኩላቸው ከ1982 ወዲህ ሴት አሽከርካሪ ለምን አላሸነፈችም ብለው አጥብቀው ጠይቀዋል። በ1981 ሚሼል ሙቶን ከፋብሪዚያ ፖንስ ጋር የጣሊያኑን ሳንሬሞ ራሊ አሸነፈች፣ በቀጣዩ ዓመት ሦስት ራሊ አሸንፋ የዓለም ሁለተኛ ሆነች፣ ከዚያ በኋላ አንዲትም ሴት አሽከርካሪ የዓለም ሻምፒዮና ራሊ አላሸነፈችም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ለብቻው አንድ ስብሰባ ይዘንለታል።

ትልቁ ዕቅዳችን ሳፋሪ ነው። ከመጋቢት 3 እስከ 6 ናይቫሻ ላይ ይካሄዳል፣ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ውጤቱም በምሳ ዕረፍት በቴሌግራም ይደርሰናል። እዚያ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ መኪና ይውጣል፣ ሞተሩ ውኃና አቧራ እንዳይገባበት የአየር ማስገቢያው ወደ ጣሪያ ይወጣል። ሳፋሪ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰ ጀምሮ አሸናፊው ሁሌ ቶዮታ ነው። ካትሱታ እዚያ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥቷል። ለሳፋሪ የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

ሞንቴ ካርሎ የሚጀምረው ጥር 14 ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ትንበያችሁን ከጥምቀት በፊት አስገቡ። የክበቡ አባል መሆን አያስፈልግም፣ መምህራንም ትችላላችሁ። ሻምፒዮኑን፣ የአምራቾቹን ዋንጫና የሳፋሪን አሸናፊ ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ምክንያታችሁን አስቀምጡ። ያለ ምክንያት ስም ብቻ የተጻፈበትን አንቀበልም። ቅጹ ፀሐፊያችን ጋ አለ።