ከአንበሳው በፊት ዓሣውን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ዓምዳችሁ የአውሮፓ ከተሞችን ባነሳ ቁጥር የእንስሳት ማቆያና አኳሪየም (ዓሣና ሌሎች የውሃ እንስሳት በመስታወት ገንዳ የሚታዩበት ቦታ) የሚጠቀሱት መጨረሻ ላይ ነው። «ልጅ የያዘ ከሰዓት በኋላ ጎራ ሊል ይችላል» ተብሎ ይታለፋል። በክረምት ዕረፍት ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ልጆቹን ይዞ የሚነሳ ቤተሰብ ይህን ምክር ከተከተለ ገንዘቡም ቀኑም ይባክናል። ዓምዱ ያላነሳው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እኛ ባሕር የለንም። ጅቡ ሱሉልታ ላይ ማታ ማታ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሻርክና ፔንግዊን ግን የትም ዞረን አናገኝም። ጊዜና ዩሮ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ አኳሪየሙ ይቅደም፤ የእንስሳት ማቆያው ከተረፈ ይታያል።

አንበሳ ለማየት አውሮፓ መሄድማ ትርፉ ድካም ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያስጀመሩት የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ አንበሶች፣ ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው ማለት ነው፣ በዘረመል ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። በዚያ ሥራ የላይፕሲግ የእንስሳት ማቆያ እጁ አለበት። ጭላዳም እንዲሁ ነው። የዙሪክ ማቆያ የሰሜን ተራሮችን አስመስሎ በሠራው ስፍራ ጭላዳ ያሳያል፤ ሥራው የሚደነቅ ቢሆንም ከሱሉልታ በጫንጮ አድርጎ ደብረ ሊባኖስ የወረደ ሰው ጭላዳውን ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ በነፃ ያየዋል። ቀይ ቀበሮን የሚፈልግ ደግሞ ባሌ ይሂድ፤ በየትኛውም አገር ማቆያ ውስጥ የለም።

ወደ አኳሪየሙ እንምጣ። የሊዝበኑ ኦሴያናሪዮ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ለዓለም ኤግዚቢሽኑ ነው። መካከለኛው ገንዳ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከአየር ማረፊያው በሜትሮ ሦስተኛው ጣቢያ፣ ኦሪየንቴ ላይ ተወርዶ ትንሽ በእግር ይኬዳል። ጉብኝቱ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ላይ ፔንግዊኖቹ ድንጋዩ ላይ ሲንገዳገዱ ይታያሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ሲወረድ እነዚያው ፔንግዊኖች በመስታወቱ በኩል ከውሃ ውስጥ እንደ ጥይት ሲወነጨፉ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ታችኛው ፎቅ ሲደርስ «ይህንንማ አየነው» ብሎ ይሮጣል፤ የከፈለበትን ግማሹን ጥሎ ወጣ ማለት ነው። ትልቁ ገንዳ ፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሻርኩና ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ገንዳውን ዞረው ስለሚመለሱ ዓሣውን እየተከተሉ መሮጥ አያስፈልግም።

ቪየና ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላላት ለጀማሪ ትመቻለች። ሃውስ ዴስ ሜርስ የተባለው አኳሪየም ያለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፀረ አውሮፕላን መድፍ በተሠራ የኮንክሪት ማማ ውስጥ ነው። ቦታው ወደ ላይ የተደራረበ ስለሆነ በሊፍት እስከ ላይ ወጥቶ በደረጃ እያዩ መውረድ ጉልበት ያድናል፤ ከታች የጀመረ ሕፃን ግን አራተኛው ፎቅ ሳይደርስ «እቀፉኝ» ይላል። የሾንብሩኑ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1752 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ፣ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ አንጋፋው ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። «ሾንብሩን» የሚለውን የዩ4 ባቡር ጣቢያ አይቶ የሚወርድ ሰው ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ይወርድና ግቢውን ሁሉ በእግሩ ያቋርጣል። ለማቆያው የሚቀርበው ቀጣዩ ጣቢያ ሂትሲንግ ነው። የቤተ መንግሥቱም ትኬት እንስሳቱ ዘንድ አያስገባም።

በርሊንም የራሷ ወጥመድ አላት። ማቆያዎቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1844 ምዕራቡ በኩል የተከፈተው ዙ ሲሆን፣ ሌላው ከተማዋ ተከፋፍላ ሳለች በ1955 ምሥራቁ በኩል የተከፈተው ቲርፓርክ ነው። በ1913 የተከፈተው አኳሪየም ያለው ከመጀመሪያው ጎን ነው። በኢንተርኔት ቸኩሎ የሚገዛ ሰው የቲርፓርክ ትኬት ይዞ ዙው በር ላይ ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል ከተማው አለ። ሰማያዊ ፕላኔት የተባለው የኮፐንሃገን አኳሪየም ደግሞ ከአየር ማረፊያው በሜትሮ አንድ ጣቢያ ብቻ ስለሚርቅ ለመመለሻው ቀን የተሠራ ነው የሚመስለው።

ቪዛው ካልታሰበበት ይህ ሁሉ ዕቅድ ከንቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት በወሰነው መሠረት የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) ውሳኔ መደበኛ ጊዜው ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈተና ሲያልቅ የሚጀምር ሰው ለሐምሌ አይደርስም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከቪየና ለንደን ደርሶ ወደ ቪየና መመለስም አይቻልም፤ ለንደን ራሷ ሌላ ቪዛ ትጠይቃለች። ትኬትና ሆቴል ሲያዝ የሚሰረዝበትን ቀን ማንበብ ግድ ነው።

የመግቢያ ትኬት ከአገር ሳይወጡ ቢገዛ ይሻላል። ዋጋው በር ላይ ካለው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሌላም ምክንያት አለ። ባንክ በሰጠን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስንከፍል የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው በአገር ቤት ሲም ካርድ ነው። አውሮፓ ደርሶ ሲሙን በሌላ የቀየረ ሰው ቁጥሩን ሳያይ ክፍያው ይሰረዝበታል። ኪውአር ኮዱን ስክሪንሾት አንስቶ መያዝ፣ አንድም በወረቀት ማተም ይበጃል። የልጅ ዋጋ የሚወሰነው በዕድሜ ነውና ፓስፖርቱ ወይም ቅጂው አይለይ። የከተማ ካርድ የሚገዛም «ነፃ መግቢያ» እና «ቅናሽ» የሚሉትን ለይቶ ያንብብ፤ የቪየና ሲቲ ካርድ ለምሳሌ ማቆያው ላይ ቅናሽ እንጂ ነፃ መግቢያ አይሰጥም።

ፎቶ አንሺዎች፣ ፍላሹን አጥፉ። እንስሳቱን ያስደነግጣል፣ ብርሃኑም ከመስታወቱ ነጥሮ ምስሉን ያበላሻል። የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ፊት ለፊት ማንሳት ነው፤ ወፍራሙ አክሪሊክ (በመስታወት ፈንታ የሚገጠመው ፕላስቲክ) በሰያፍ ሲያዩት ምስል ያጣምማል። ነጭ ልብስና ነጠላም መስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ጠቆር ያለ ጃኬት ይመረጣል። መስታወት መደብደብ ክልክል ነው፤ ንዝረቱ በውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ የክረምት ተጓዥ የሚጾም ከሆነ ካፌው ውስጥ «ቬጀታሪያን» የሚለው አይበቃውም፣ ዕንቁላልና አይብ ሊኖርበት ይችላል። የሚፈለገው «ቪጋን» የሚለው ነው። ማቆያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቅዱ ዳቦና ፍራፍሬ መያዝ ኪስም ጾምም ይጠብቃል። አኳሪየም ግን ከወጡ መመለስ ላይፈቅድ ይችላልና በልቶ መግባት ነው።

አንድ ነገር ግን ዓምዳችሁ ሊያስጠነቅቅ ይገባል። ግልገል አንበሳ ወይም ነብር እያሳቀፈ ፎቶ የሚያስነሳ ቦታ ሲገኝ ገንዘብ አይከፈልበት። ግልገሉን ለዚህ ሥራ ከእናቱ ቀድመው ይለዩታል፤ ሲያድግ ደግሞ የሚያቅፈው የለም። የአውሮፓ የእንስሳት ማቆያዎችና አኳሪየሞች ማኅበር፣ ኢኤዜኤ የሚባለው፣ የአባላቱን ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ የሚሄዱበት ቦታ እዚያ መኖሩን ከመሄድ በፊት ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። ሾንብሩን በበጋቸው ከ9:00 እስከ 18:30 ክፍት ነው ሲባል በእኛ ከጧቱ 3 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስድስት መቀነስ ነው። በሐምሌ እዚያ ፀሐይ የምትገባው ወደ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብርሃኑን አይቶ «ገና ነው» ያለ ሰው በሩ ይዘጋበታል። ለገና የሚሄድ ደግሞ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋበታል። የፔንግዊን መመገቢያ 14:30 ተብሎ ሲለጠፍ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ከፊት ለመቆም ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ዓምዳችሁ የጉብኝት ሰዓት ሲያወጣ እስካሁን በፈረንጁ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በሁለቱም እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪል ሠራተኞች፣ ሱሉልታ