ቢሮ ይሁን፣ ጣሪያውን ግን አታውርዱብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ለገሃር ዙሪያ ያሉት አሮጌዎቹ የምድር ባቡር ሕንፃዎች «ወደ ዘመናዊ ቢሮ ይቀየሩ» ሲባል እዚያው ከዚራ ሰፈር ተወልደን ያደግን ሰዎች ደም ሥራችን ይገተራል። እኔ ግን አልቃወምም። አባቴ ጋራዡ ውስጥ የሠራበት ዘመን አልፏል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በራሱ ጣቢያ ነው። ሰው የማይገባበትን ቤት ደግሞ ምስጥና ርግብ ይወርሱታል። ቢሮ ይሁን። የሚያስፈራኝ «ዘመናዊ» የምትለዋ ቃል ናት።

ምን እንደምታመጣ ደርሶብኝ አውቃለሁ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት እዚሁ ድሬ አንድ የድንጋይ ቤት አድሶ ሲገባ ለእኔም ጠረጴዛ ደርሶኝ ነበር። ከፍ ያለው ጣሪያ በጂፕሰም ኮርኒስ ተሸፈነ፤ ከሥሩ የነበሩት የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ተደፈኑ። የእንጨት መስኮቶቹ ተነቅለው የማይከፈት መስታወት ገባ። በረንዳውም በአልሙኒየም ታጥሮ መዝገብ ቤት ሆነ። ለዓይንማ ያምር ነበር! ግንቦት ላይ መብራት ሲሄድ ግን ኤሲው ዝም፣ እኛም ወረቀታችንን ታቅፈን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር።

በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬ ሲደርስ እዚህ ኤሲ የሚባል ነገር አልነበረም። የጥንቶቹ ግንበኞች ሙቀቱን የመከቱት በቤቱ አሠራር ነው። ወፍራሙ ድንጋይ የቀኑን ፀሐይ ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ የሞቀው አየር ከሰው ራስ በላይ ወጥቶ በቀዳዳው ይሄዳል፤ በረንዳው ለግድግዳው ጥላ ነው። እኛ ጌጥ ነው ብለን የምንነቅለው ሁሉ ሥራ ላይ የነበረ ነው።

ልስኑም አለ። በኖራ የተገነባ ድንጋይ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ልጆች ነንና ሲሚንቶ የማያድነው ነገር ያለ አይመስለንም።

ክፍል መክፈል ካስፈለገ ጣሪያ የማይነካ፣ ነገ ሊነሳ የሚችል መክፈያ ይቁም። የመብራት መስመሩ ግድግዳ ሳይፈለፈል በላዩ ይሂድ፤ መጸዳጃው ከጓሮ ይሠራ። ቬንቲላተር ይሰቀል፣ ከፍታው እንደሆነ ይበቃዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። «ቀለም ልንቀባ ነው» ተብሎ ተጀምሮ መስኮት ሲነቀል ፈቃዱን የሚጠይቅ ሰው ግን በሩ ላይ አይታይም።

ሥራው ለተቋራጭ ከመሰጠቱ በፊት ፈራሚው ኃላፊ አንድ ውለታ ይዋልልን። በግንቦት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቴርሞሜትር ይዞ ካልተነካው አሮጌ ክፍል አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ «ዘመናዊ» ከተደረገው ቤት ገብቶ ኤሲውን አጥፍቶ ሌላ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ብዕሩን ከዚያ በኋላ ያንሳ።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ