የጂኦግራፊ ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጎጇችን ለምን አፈሰሰች?

ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው በጣና ዳርቻ የሚሠሩ ባህላዊ ቤቶች ከአካባቢው አየር ጋር እንዴት እንደተስማሙ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የበጋው ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብም ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል።

በጥር ወር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን የጭቃ ቤቶችን ተመለከትን። ከጭድ ጋር ተቦክቶና ተብላልቶ የተመረገው ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበልና ማታ ይመልሰዋል፤ ጥቅጥቅ ያለው የሣር ክዳንም በውስጡ በያዘው አየር የፀሐዩን ግለት ያግዳል። ቆርቆሮ ይህን አያደርግም።

በየካቲት በትምህርት ቤቱ ግቢ አንዲት ትንሽ ጎጆ ሠራን። ምስጥ የሚቋቋመው ወይራ ስለተወደደብን ለምሰሶውም ለማገሩም ባሕር ዛፍ ገዛን። ሰንበሌጡም ስላነሰን፣ ሣር ለመቆጠብ ስንል የክዳኑን ተዳፋት ዝቅ አደረግነው፤ ይህን የፈቀድኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም። ሰኔ ሲገባ ጎጆዋ አፈሰሰች።

የሠራናትን ጎጆ እንዲመለከቱልን የጋበዝናቸው አንድ አዛውንት የሣር ቤት ከዳኝ፣ ውኃው ወደ ሣሩ ሳይሰርግ ተንሸራቶ እንዲወርድ ክዳኑ ቀጥ ብሎ መቆም እንደነበረበት አስረዱን። ለሣር ክዳን የሚመከረው ተዳፋት 45 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የእኛው ግን ስንለካው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ዝናብ በሚያንስባቸው የትግራይ ደጋዎች የሚሠራው ህድሞ በአፈር የተደለደለ ጠፍጣፋ ጣሪያ መያዙ ለምን እንደሚያዋጣ ተማሪዎቹ የገባቸው ያን ዕለት ነው።

አዛውንቱ ቀጥለው ምድጃው የት እንዳለ ጠየቁን። በግቢው እሳት ማንደድ ክልክል በመሆኑ ምድጃ አልሠራንም ነበር። ለካስ እኛ እንደ ጉዳት ብቻ የቆጠርነው ጭስ፣ ዓይንና ሳንባ መጉዳቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሣሩን እያደረቀና ነፍሳቱን እያባረረ የክዳኑን ዕድሜ ያረዝማል። ሰው የማያድርባት፣ እሳት የማይነድባት የእኛ ጎጆ ያንን ጥበቃ አላገኘችም።

ሰንበሌጥ የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ አዲሱ ክዳን እስከ ኅዳር ይጠብቃል። እስከዚያው ጎጆዋን በላስቲክ ሸፍነናታል።