ይድረስ ለአብሮ አደጌ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ፣ ባለቤትህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል።

ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄ ጠፋብህ። ምክንያቱን ሳታውቀው አትቀርም። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ነገ አልኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። በዘገየሁ ቁጥር ስልኩ እየከበደኝ ሄደ። ከእጃቸው እየበላሁ ያደግሁ ሰው አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያነሳሳኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ኳስ ነው። አንተ ቡና፣ እኔ ጊዮርጊስ ሆነን ካምቦሎጆ አብረን ገብተን፣ ተኳርፈን ስንወጣ እማማ ነበሩ በአንድ ትሪ የሚያስታርቁን።

እዚህ ፉትቦል የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፏ የሾለ ነው። በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች። አንድ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። መጀመሪያ ምንም አይገባህም። ከገባህ በኋላ ግን አይለቅህም።

የከተማችን ቡድን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። የተማሪ ቡድን ማለቴ ነው። ስታዲየሙ ግን 102,780 ሰው ይይዛል! በጨዋታ ቀን ከተማው በሙሉ ቀይ ይለብሳል። ማርሽ ባንዱ እየተራመደ ሜዳው ላይ በሰው ሰልፍ «ኦሃዮ» ብሎ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ትልቅ ጥሩንባ የተሸከመ አንድ ተማሪ እየተንጎራደደ ይመጣና «አይ» የምትባለው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ሆኖ ይቆማል። ሰዉ ለዚያች ነጥብ ጎል የገባ ያህል ይጮኻል።

ዋናው ባላንጣ ሚሺጋን ነው። የእነሱ ሳምንት ሲደርስ ግቢው ውስጥ «ኤም» የምትባለዋን ፊደል ካለችበት ሁሉ በቀይ ፕላስተር ይሰርዟታል። ዘንድሮ ጨዋታው የዋለው ለኅዳር ጽዮን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ሰጠኝና ገባሁ። የእኛ ልጆች በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ ሚሺጋን ተዳክሞ ነው የመጣው። ሁሉም እናሸንፋለን ብሎ ነበር። 45 ሰከንድ ሲቀር ሚሺጋን በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ አገኘ። 13 ለ10። ሽንፈቱ በተከታታይ አራተኛው ነው። ባንዲራቸውን መሃል ሜዳ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ፤ ፖሊስ ፔፐር ስፕሬይ ረጨ።

እኔ ግን የማስታውሰው አጠገቤ የነበሩትን ሽማግሌ ነው። ቀይ የሱፍ ጓንት አድርገዋል። ሰዉ እየተሳደበ ሲወጣ እሳቸው አልተነሱም። አንዱን ጓንት አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ያለሰልሱታል። እኔም ትቻቸው መሄድ አቃተኝና ቁጭ አልኩ። ምንም አልተነጋገርንም። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሲሆን ትከሻዬን መታ አድርገው፣ አመስግነው ሄዱ።

ወንድሜ፣ ኳስን ከሞት ጋር አላወዳድርም። ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ለማላውቀው ሰው ዝም ብዬ አብሬው መቀመጥ ችያለሁ። ለቅሶ ቤትስ ከዚህ ሌላ ምን ይደረጋል? አንተ ከእኔ ንግግር አልጠበቅህም ነበር።

ያኔ የከተማው ሰው አሰልጣኙን ራያን ዴይን ይባረርልን ብሎ ነበር። ሰውዬው ግን ተመልሶ ሥራው ላይ ቆመ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድኖች ለዋንጫ እንዲጫወቱ ስለተፈቀደ አንድ በር ቀርቶለት ነበር። ቴነሲን እዚሁ በብርድ 42 ለ17። ኦሪገንን፣ በጥቅምት በአንድ ነጥብ ያሸነፈንን፣ 41 ለ21።

የቴክሳሱን ብታይ! 21 ለ14 እየመራን ቴክሳስ መስመራችን ላይ አንድ ያርድ ቀርቶታል። ወደኋላ ገፋነው። በአራተኛው ሙከራ ጃክ ሶየር የሚባለው ልጅ የቴክሳሱን ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪውን ማለቴ ነው፣ ኩዊን ኢወርስን ከኋላ ደርሶ ኳሷን አስጣለው፤ ራሱ አፈሳትና 83 ያርድ ሮጦ አገባት። ሁለቱ ልጆች ድሮ እዚሁ ኦሃዮ ስቴት አንድ ዶርም የኖሩ ናቸው። ሶየር ያደገው እዚህ ከተማ አጠገብ ነው። ያ ግዙፍ ልጅ መጨረሻው ላይ ትንፋሹ አልቆ ሲጎተት እኔም ቤቴ ቆሜ «ድረስ! ድረስ!» እላለሁ።

ፍጻሜው የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ማታ፣ አትላንታ ነበር። ከኖትር ዳም ጋር። 31 ለ7 መርተን ቆይተን 31 ለ23 ደረሱብን። ልቤ ልትወጣ ነው። ኳርተርባካችን ዊል ሃዋርድ አንድ ረጅም ኳስ ወረወረ። ጀረማያ ስሚዝ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከላይ ቀለባት። 56 ያርድ። 34 ለ23 አለቀ። ዋንጫውን ከአሥር ዓመት በኋላ አገኘነው። ከኅዳር ጽዮን ሽንፈት ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

መንገዱ በጩኸትና በጥሩንባ ተሞላ። እኔ ስልኬን አንስቼ ስምህን አወጣሁ። እናንተ ዘንድ ገና ማለዳ ነው። ከእንቅልፍህ ልቀሰቅስህ ስላልፈለግሁ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

እማማ የት እንዳረፉ ንገረኝ፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደሆነ። ስመጣ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው፤ አብረኸኝ ብትሆን ደስ ይለኛል። እሑድ ማታ፣ በአንተ ሰዓት ከሦስት በኋላ እደውላለሁ። ካላነሳኸው ሰኞም እደውላለሁ።

ያንተው