የቅርጫት ኳስ ክበብ፦ በግማሽ ሜዳ የከረምንበት ዓመት

መስከረም ላይ ክበቡን ስንከፍት የነበረን አንድ ኳስና አንድ ቅርጫት ነው። የወዲያኛው ቦርድ በክረምቱ ዝናብ በስብሶ ወድቋል። ይሠራልናል ብለን ጠበቅን። ጥቅምትም አለፈ። እውነቱን ለመናገር ክበቡን ልዘጋው ዳር ደርሼ ነበር።

ያዳነን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። ስልኩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ እነዚህም እኮ ያላቸው አንድ ቅርጫት ነው» አለኝ።

ያሳየኝ የሦስት ለሦስት የዓለም ዙር ውድድርን ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) እ.ኤ.አ. በ2012 ጀምሮት ከአገር አገር እየዞረ ይካሄዳል። የሚጋጠሙት በከተማ ስም የሚጠሩ ቡድኖች ናቸው፤ ከላትቪያ ሪጋ፣ ከሰርቢያ ኖቪ ሳድ። ልጆቹን የገረመቻቸው ግን ኡብ ናት። እሷም የሰርቢያ ናት፤ ከእኛዋ የጎንደር ሰፈር ከአዘዞ እንኳ የምታንስ ከተማ። «ታዲያ ጎንደር ምን ጎደላት?» አለች አንዷ። መልስ አልነበረኝም።

ሕጉ ለእኛ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ሦስት ተጫዋች፣ አንድ ተቀያሪ። ጨዋታው 10 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ 21 ያገባ ግን እዚያው ላይ አሸነፈ። ቅርጫቱን ከሚከበው የቅስት መስመር ውስጥ የገባ 1፣ ከውጭ የገባ 2 ነጥብ። ኳስ የያዘ ቡድን በ12 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ሰዓት ስለሌለን ዙሪያውን የተቀመጠው ተማሪ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ደጋፊ አይደሉ፣ ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ ከሰባት በኋላ ያለውን ይሮጡበታል! ስንት ጊዜ ተጣላን።

የሦስት ለሦስት ሜዳ 15 በ11 ሜትር ስለሆነ የእኛን ግማሽ ሜዳ ከመሃል መስመሩ 3 ሜትር አሳጥረን በኖራ አሰመርን። ቡድኖቹም በየሰፈራቸው ተሰየሙ፤ ማራኪ፣ አዘዞ፣ አራዳ፣ ጃንተከል። ጥርና የካቲት በበዓልና በፈተና አለፉ።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። በቶኪዮም በፓሪስም ኦሎምፒክ የሦስት ለሦስት አሰልጣኞች የተቀመጡት ተመልካች መሃል ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይመካከራሉ፣ ራሳቸው ይቀያየራሉ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ከመስመር ዳር እየጮህኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገና «ወደ ግራ!» ከማለቴ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ አይፈቀድም!» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ከሜዳ አስወጥተውኛል።

ግንቦት ላይ የሴቶቹ ዋንጫ ማራኪንና አዘዞን አገናኘ። 10 ደቂቃው 14 ለ14 አለቀ። በጭማሪው ቀድሞ 2 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። አዘዞ አንድ አገባች። የፓሪሱን የወንዶች ፍጻሜ ደጋግመን አይተነዋል፤ ፈረንሳይ በጭማሪው አንድ ቀድማ ሳለ ኔዘርላንድስ ከውጭ በተወረወረች ኳስ 18 ለ17 ያሸነፈችበትን። የማራኪዋ ልጅ ከቅስቱ ውጭ ኳስ ይዛ ቀና አለችና አየችኝ። የጫማዋ አፍንጫ በፕላስተር ታስሯል። ምላሴን ነክሼ ዞር አልኩና ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ። «ዘጠኝ! አስር!» ይላል ተማሪው። ከዚያ ጩኸቱ ቀለጠ። ዞር ስል ኳሷ መሬት ላይ ትነጥራለች፣ ማራኪዎች ተቃቅፈዋል። የዓመቱን ምርጥ ኳስ ሳላያት ቀረሁ።

ሁለተኛው ቅርጫት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተሠራልን። ልጆቹ ሹራብ ይሰቅሉበታል።