የተበሳች ሳንቲም ሮንዴላ አይደለችም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በአዳማ ገበያ አጠገብ ጋሪውን ሲጠግን ያገኘሁት ወጣት ነው። የጎማው ብሎን ከሚታሰርባቸው ሮንዴላዎች አንዷ ከሌሎቹ ሰፋ ብላ ስለታየችኝ ጠጋ ብዬ ተመለከትኋት። ወጣቱ ቅባቷን በጨርቅ ሲጠርግልኝ በቀዳዳዋ ግራና ቀኝ ሁለት የዝሆን ጥርሶች፣ ከበታቻቸውም 1936 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። በእንግሊዝ ይተዳደር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት አሥር ሳንቲም ነበረች። ወጣቱ ከአያቱ ሣጥን እንዳገኛት፣ አብረዋት የነበሩትን ግን ቤተሰቡ ለቁራሌው በኪሎ እንደ ሸጣቸው በቅንነት ነገረኝ። አዲስ ሮንዴላ ገዝቼ ተካሁለትና ሳንቲሟን ወሰድሁ፤ በኪሎ የሄዱት ግን እስከ አሁን ይቆጩኛል።

እነዚህ ሳንቲሞች ወደ አገራችን የገቡት ከጦርነት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን ላይ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ ሽልንግ ያወጣ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ወታደሮቹን ይዞ ከሐረር በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ሽልንጉም አብሮት መጣ። በዚያ ወቅት በገበያችን የጣሊያን ሊሬ፣ ጠገራ ብር፣ የሕንድ ሩፒና የግብፅ ፓውንድ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ስለ ነበር፣ አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን ምን ያህል ዓይነት ገንዘብ ቆጥሮና መንዝሮ ይውል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሳችን ብር ሥራ ላይ ሲውል አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሽልንጉ ከገበያው ወጣ፤ ስሙ ግን አልወጣም። ልጆች ሳለን እናቶቻችን «ሽልንግ ይዘህ ሂድ» ብለው በእጃችን የሚያስጨብጡን የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበትን ኀምሳ ሳንቲም ነበር፤ የብሩ እኩሌታ ከአንድ ሽልንግ ጋር እኩል ስለ ነበረ ስሙን ወረሰ። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለውም አነጋገራችን ከሕንዱ ፓይሳ በመጣ የሳንቲም ስም የቆመ ነው። ዋጋቸው ከሁሉ ያነሰው ሳንቲሞች በአፋችን ከሁሉ ይልቅ ዘለቁ።

ወደ ሮንዴላዋ ልመለስ። ከዛሬው የአንድ ብር ሳንቲማችን ሰፋ ትላለች፤ ነሐስ ናት፤ መካከሏ የተበሳው በገመድ ሰክቶ ለመያዝ እንዲያመች ነው። ከቀዳዳው በላይ ዘውድ አለ፤ በጠርዟ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ የኤድዋርድ ስምንተኛ ስም፣ ንጉሥና የሕንድ ንጉሠ ነገሥት ከሚል ማዕረግ ጋር ተጽፏል። ይህ ንጉሥ የነገሠው እ.ኤ.አ. በጥር 1936 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዙፋኑን ስለ ለቀቀ፣ መልኩ ያለበት ሳንቲም በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ ሳይሰራጭ ቀረ። የተበሱት ሳንቲሞች ግን ስሙን እንጂ መልኩን ስለማይይዙ አስቀድመው ተመተው በምሥራቅ አፍሪካ፣ በምዕራብ አፍሪካ፣ በፊጂና በኒው ጊኒ ተሰራጩ። ስለዚህ የለንደን ሰው በኪሱ ይዞት የማያውቀውን የንጉሡን ስም የኬንያ ገበሬ በገመድ ሰክቶ ይዞት ነበር፤ ኋላም የአዳማ ጋሪ ነጂ ብሎን አሰረበት።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ትርጉም አለው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ጦር ተይዛባቸው ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ስደተኛ ሆነው ለንደን ሲደርሱ፣ በዙፋኑ ላይ የነበረው ይኸው ኤድዋርድ ስምንተኛ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሊቀበላቸው ፈቃደኛ ሳይሆን ወንድሙን የግሎስተሩን መስፍን ላከላቸው። ይህችን ሳንቲም ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። በንጉሠ ነገሥቱ ሳንቲሞች ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 1943 እና 1944 ላይ የሚውል ማለት ነው። በተበሳችው ሳንቲም ላይ ያለው 1936 ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ 1928 እና 1929 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ «የአንድ ዓመት ናቸው» ብሎ የሚሸጥ ሰው በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። በመካከላቸው ግን አምስቱ የወረራ ዓመታት አሉ። ከዚህም በላይ የእኛው ፲፱፻፴፮ ቀኑ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት እየተደጋገመ ስለተመታ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሳንቲሙ የተመታበትን ዓመት አይነግርም።

በማኅበራዊ ሚዲያ «የ1936 ሳንቲም ያላችሁ በከፍተኛ ዋጋ እገዛለሁ» እያሉ ሰውን የሚያስጎመጁ ማስታወቂያዎች በጣም ያሳዝኑኛል። አንድ የሰፈሬ ልጅ ሳንቲሙ ቤት ይገዛልሃል ተብሎ «ለምርመራ» የተጠየቀውን ገንዘብ ከፍሎ ባዶ እጁን ቀርቷል። እውነቱ ይህ ነው፦ የምሥራቅ አፍሪካው የ1936 አሥር ሳንቲም በብዛት የተመታ በመሆኑ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በጥቂት ዶላር ይገኛል። እስከ 1946 እ.ኤ.አ. የተመታው ሽልንግም ሩብ እጁ ብቻ ብር ነው፤ ንጹሑ ብር ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ሳንቲምን ብርቅ የሚያደርገው ዕድሜው ወይም የንጉሡ ስም ሳይሆን የቀረው ቁጥር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የ1933 ፔኒ የሚፈለገው፣ በዚያ ዓመት በቂ ፔኒ በገበያ ስለ ነበረ ሰባት ያህል ብቻ ስለተመቱ ነው። በአንጻሩ የፔኒ ሩብ የሆነውና ከ1937 ጀምሮ ትንሽ ወፍ የተቀረጸበት ፋርዚንግ፣ በ1960 መጨረሻ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ከመቅረቱ በፊት እጅግ ብዙ ስለተመታ ዛሬም ማንም ሰው ሊገዛው ይችላል። እኔ ግን ከብዙ የብር ሳንቲም ይልቅ እርሱን እወዳለሁ፤ በ960 ፋርዚንግ አንድ ፓውንድ ይሞላ በነበረበት ዘመን ድሀ ሰው ዳቦውን የገዛው በእርሱ ነውና።

የዋጋው ነገር ከተተወ በኋላ የሚቀረው ማንበብ ነው፤ ሳንቲም ደግሞ በጥንቃቄ ከታየ ብዙ ይነግራል። የምሥራቅ አፍሪካው ሳንቲም «ኤች» የሚል የላቲን ፊደል ካለበት በበርሚንግሃም የሂተን ፋብሪካ ተመትቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ግን አንዳንዶቹ የተመቱት በቦምቤይና በፕሪቶሪያ ነው፤ የቦምቤይ ምልክት «አይ»፣ የፕሪቶሪያው «ኤስ ኤ» ነው። የራሳችንም ስሙኒ እንዲሁ ይነበባል። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ በብር ቀለም እየለበጡ እንደ ኀምሳ ሳንቲሙ ሽልንግ የሚያሳልፉት ሰዎች ስለበዙ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ ወጣ። ጣትዎን በጠርዙ ላይ ቢያዞሩ የዚያን ዘመን ማጭበርበር ይዳስሱታል።

አንባቢዎችን የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ የድሮ ሳንቲም በእጃችሁ ከገባ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። ያ ቡናማ ቀለም እድፍ ሳይሆን ነሐሱ በዘመናት የለበሰው ቆዳ ነው፤ ሲፈተግ የፊደሎቹ ጫፍ ይበላል፤ የሚያብረቀርቀውም ነገር የተላጠ ብረት ብቻ ይሆናል። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ ሳያሹ እርጥበቱን ማስመጠጥ፣ ከዚያም በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይበቃል። አንዳንድ ለስላሳ የፕላስቲክ አልበሞች ከጊዜ በኋላ አሲድ ስለሚያወጡ ነሐሱን አረንጓዴ ያደርጉታል። ከሁሉ በላይ ግን ሳንቲሙ ከማን፣ ከየትና እንዴት እንደመጣ ይጻፍ። መዝገብ የሌለው የምሥራቅ አፍሪካ ሳንቲም በናይሮቢም ሆነ በለንደን ያው አንድ ሳንቲም ነው፤ የአዳማ የሚያደርገው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህን ለአንዲት ጎረቤቴ ነግሬአቸው ነበር። አባታቸው በከተማችን የባቡር ጣቢያ የሠሩ ሲሆን፣ እኒሁ እናት በወተት ጣሳ ያኖሯቸውን አሥራ አንድ ሳንቲሞች ለማጠብ ውኃ ሊያሞቁ ሲሉ ደረስሁ። በመሐረብ ላይ ዘረጋናቸው፦ ሰባት የተበሱ፣ አንበሳ ከተራሮች ፊት የቆመባቸው ሦስት ሽልንጎች፣ እና አንድ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የተቀረጸበት ፔኒ። እኒሁ እናት ፔኒውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ አባታቸው «ከአንድ ጥቁር ወታደር በሻይ ዋጋ ተቀበልሁት» ይሉ እንደ ነበር አስታወሱ። የልጅ ልጃቸው ደብተሯን አውጥታ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች፤ ወረቀቱም አጥፋ ከፔኒው ጋር በአንድ ፖስታ ከተተችው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ